አበባና ወራቱ፤ በደብረ ታቦርና በዙሪያው ስላለው የአበባ ትርጓሜ

ስለ አበባ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገድ አንዱን ይከተላል። አንደኛው መንገድ አበባን እንደ ፊደል ቈጥሮ ለእያንዳንዱ ዐይነት አንድ ትርጕም መስጠት ነው፤ ቀይ ጽጌ ረዳ ፍቅር፥ ነጭ አበባ ንጽሕና፥ ቢጫ አበባ ተስፋ ነው እየተባለ ይዘረዘራል። ሁለተኛው መንገድ ሕዝቦችን በአበባ አያያዛቸው መመዘን ነው፤ አበባ ቈርጦ ቤቱን የሚያስጌጥ ሕዝብ የአበባ ባህል አለው፥ የማያስጌጥ ግን የለውም ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱንም መንገዶች በአንድ አገር ልማድ መመርመር ነው። አገሩም ደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ፥ ማለት ቀድሞ በጌምድር ይባል ከነበረው ግዛት አንዱ ክፍል ነው።

አስቀድመን አሳባችንን በአጭሩ እንገልጻለን። በዚህ አገር የአበባ ትርጕም በአበባው ዐይነት ወይም በቀለሙ አይገኝም፤ የሚገኘው በሚያብብበት ወራት፥ በሰጪውና በተቀባዩ፥ እንዲሁም በሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ይህን ያልተመለከተ ተመራማሪ አበባውን ያያል እንጂ ትርጕሙን አያገኘውም።

በመጀመሪያ የዝርዝሩን መንገድ እንመልከት። የአበባ ቋንቋ የሚባለው ልማድ በአውሮፓ የታወቀው ከቱርክ አገር በመጣ ወሬ ነው። የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት የነበረችው ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ በ1718 ከቍስጥንጥንያ በጻፈችው ደብዳቤ በዚያ አገር ሰዎች ያለ ጽሕፈት፥ በዕቃ ብቻ የፍቅር መልእክት እንደሚላላኩ ገለጸች (ይህና ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ደብዳቤዎቿ እርሷ ከሞተች በኋላ በ1763 ታተሙ። በ1819 ደግሞ ሻርሎት ደ ላቱር በሚል የብዕር ስም በፓሪስ የወጣው መጽሐፍ የአበቦችን ትርጕም በተራ አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የወጡት ዝርዝሮች ብዙዎቹ የዚህ መጽሐፍ ዘሮች ናቸው።

ዳሩ ግን የሞንታጉን ደብዳቤ አስተውሎ ያነበበ ሰው የነገሩን ሥር በሌላ ስፍራ ያገኘዋል። በዝርዝሯ ውስጥ አበባ ብቻ ሳይሆን ሳሙናና ከሰል፥ ወረቀትና ገለባም አሉበት። እነዚህ ዕቃዎች ትርጕም ያገኙት ከጠባያቸው አይደለም፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ስም ከአንድ የግጥም ስንኝ ጋር ቤት ስለሚመታ ነው። ዕቃውን የተቀበለች ሴት ስሙን ታስታውሳለች፥ ስሙም ስንኙን ይጠራላታል። እንግዲህ የአበባ ቋንቋ ከመነሻው የቃል ጨዋታ ነበረ። አውሮፓውያን ቃሉን ትተው ዕቃውን ብቻ በወሰዱ ጊዜ ግጥሙ ጠፋ፥ ዝርዝሩ ግን ቀረ። ቅኔ ለሚያውቅ አገር ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰሙ ከጠፋ በኋላ ወርቁን በዝርዝር መያዝ አይቻልምና።

ይኸው ዝርዝር በእኛም አገር በበዓል መጽሔቶችና በሰላምታ ካርዶች ገብቶ፥ አደይ አበባ የተስፋ ምልክት ናት፥ ቢጫነቷም የብርሃን ምሳሌ ነው ይባላል። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ምንም አያስረዳም። ለዚህም ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በፎገራ ሜዳና ከደጋው በታች ባለው መሬት ኑግ ይዘራል። ኑግ በዕፀዋት ሊቃውንት አከፋፈል ከአደይ ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ነው፤ አበባውም ቢጫ ነው፥ ማሳውም ባበበ ጊዜ ዐይን ይማርካል። ነገር ግን የኑግ አበባ የእንቁጣጣሽ ስጦታ ሆኖ አይቀርብም። ቀለሙ አንድ ሲሆን ትርጕሙ ለምን አንድ አልሆነም ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ በወራቱና በአገልግሎቱ ይገኛል። ኑግ አበባው የሚታየው ዘግይቶ ነው፥ የሚጠበቀውም ለዘይቱ ነው። አደይ ግን ማንም ሳይዘራት ክረምቱ ሊወጣ ሲል በማሳ ዳርና በሣር መሬት ትፈነዳለች፥ ጥቂት ሳምንታትም ቈይታ ትጠፋለች።

ከዚህም በላይ አደይ የሚለው ስም ራሱ የአንድ ዐይነት ተክል ስም ብቻ አይደለም። የዕፀዋት ሊቃውንት ቢደንስ ከሚሉት ወገን ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ቢደንስ ማክሮፕቴራ የሚባለውን ቢሆንም፥ ሕዝቡ በዚሁ ወራት የሚያብቡትን ሌሎቹንም የዚህ ወገን ተክሎች አደይ ይላቸዋል። ሊቁ በቅጠልና በዘር ይለያቸዋል፤ ገበሬው በወራት አንድ ያደርጋቸዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን የባህልን ትርጕም የሚፈልግ ሰው መከተል ያለበት የገበሬውን አከፋፈል ነው።

የመዲናችን ስምም ይህንኑ ይመሰክራል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከሰሜንና ከበጌምድር መኳንንት የተወለዱ እመቤት ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃ አጠገብ አበባ አይተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው እንደ ሰየሙት ይነገራል። አበባው የየትኛው ተክል እንደ ነበረ ስሙ አይናገርም። ስሙ የያዘው የአበባውን ዐይነት ሳይሆን አዲስነቱን ነው። በአበባ ከተማ ሲሰየምም እንኳ የተመረጠው ቅጽል የጊዜ ቅጽል መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንለፍ። በአማርኛ አበባ ከፍሬ ተለይቶ የሚታሰብበት ጊዜ ጥቂት ነው። አበበ የሚለው ግሥ ለተክልም ለሰውም ይነገራል፤ አበበ፥ አበበች፥ አበባ፥ ጽጌ፥ ፍሬ ወይኒ እየተባለ ለልጆች ስም ይወጣል። የሴት ልጅ ለአካለ መጠን መድረስ የሚታወቅበት ነገር የወር አበባ መባሉም በዚህ አሳብ ነው፤ አበባ ከታየ ፍሬ ይጠበቃልና። ስለዚህ የአበባ መሠረታዊ ትርጕም «ያማረ ነገር» ሳይሆን «ሊመጣ ያለ ነገር» ነው። ውበቱ የሚወደደው ከኋላው ስለሚከተለው ነገር ነው። አንድን አበባ ከግንዱ መቍረጥ ቀላል ጉዳይ የማይሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሚቈረጠው ፍሬው የማይጠበቅለት የሜዳ አበባ ነው።

የጉናን ተራራ የሚያውቅ ሰው ይህን በየዕፁ ያገኘዋል። ደብረ ታቦር ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ደጋ ውስጥ ኮሶ ይበቅላል። የሴቴዋ የኮሶ ዛፍ አበባ ቀላ ያለና የተንዠረገገ፥ ለዐይን እጅግ ያማረ ነው፤ ሕዝቡ ግን ያወቀው በመልኩ ሳይሆን በመራራነቱ ነው፥ እርሱም ለዘመናት የትል መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ቀጋም በየቍጥቋጦው አለ። ቀጋ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌ ረዳ ወገን ነው፤ አበባው ነጭና መዓዛማ ነው። ነገር ግን እረኛ የሚያውቀው ፍሬውን ነው። ጽጌ ረዳ የሚለው የግዕዝ ስም በመጽሐፍና በሰው ስም ሲከበር፥ የሜዳው ጽጌ ረዳ ቀጋ ተብሎ በሚበላው ፍሬው ይታወሳል። በጓሮም የሚተከሉት አሪቲ፥ ጤና አዳም፥ በሶብላና ጠጅ ሣር የሚፈለጉት ለመዓዛቸውና ለመድኃኒትነታቸው ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን መንገድ፥ ማለት ሕዝብን በአበባ አያያዙ የመመዘንን አካሄድ እናገኛለን። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ጃክ ጉዲ በ1993 ያሳተመው የአበቦች ባህል የተሰኘው መጽሐፍ ነው። ጉዲ በሰሜን ጋና ለብዙ ዘመን ያጠና ሰው ነበረ። የመጽሐፉ መጀመሪያ ምዕራፍ ርእስ በአፍሪካ አበባ የለምን? የሚል ጥያቄ ነው። እርሱ እንዳስተዋለው በእስያና በአውሮፓ አበባ ለአምልኮ፥ ለስጦታና ለቤት ጌጥ ሲውል፥ በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ግን እንዲህ ያለ አገልግሎት እምብዛም አይታይም። ምክንያቱንም በአስተራረስና በማኅበራዊ ደረጃ ልዩነት ፈለገው፤ የጠለቀ እርሻና የተድላ ኑሮ ያላቸው መኳንንት ባሉበት አበባ ይለማል፥ በመቈፈሪያ በሚታረስበትና የደረጃ ልዩነት በጠበበበት ግን አይለማም የሚል ነው።

የጉዲ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ከመናቅ የመጣም አይደለም። መጽሐፉ የእያንዳንዱን ልማድ ታሪካዊ ምክንያት በመፈለጉ ከዝርዝር አዘጋጆቹ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን መለኪያው በደቡብ ጎንደር ሲፈተን ይሰናከላል። ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ በበሬ የሚታረስ አገር ነው። መኳንንት ነበሩት፤ ደብረ ታቦርም የራስ ጉግሣ፥ የራስ ዐሊና የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች። ጽሕፈትና መጽሐፍም አለው። በመለኪያው መሠረት እዚህ የአበባ አትክልት ቦታና በየእልፍኙ የቆመ አበባ ልናገኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን አበባን በዕቃ አቁሞ ቤት ማስጌጥ የቈየ የአገሩ ልማድ አይደለም። እንግዲህ አንድም መለኪያው ትክክል አይደለም፥ አንድም የሚለካው ነገር ሌላ ነው። እኛ የሚመስለን ሁለተኛው ነው። ጉዲ የፈለገው ዐይን የሚያየውን አበባ ነው፤ በዚህ አገር ግን አበባ የሚኖረው በወራት፥ በዜማና በእጅ ነው።

በዜማ ስንል ማስረጃው ግልጽ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ጽጌ፥ ማለት የአበባ ዘመን ይባላሉ። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷም የሚታሰበው በዚሁ ወራት ነው። በእሑድ ሌሊት ለአባ ጽጌ ድንግል፥ በሌላ ስሙ ጽጌ ብርሃን ለተባለው ደራሲ የሚሰጠው ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ደቡብ ጎንደር ደግሞ የዜማ አገር ነው፤ በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፥ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ኖረዋል፤ በደብረ ታቦርም ከፎገራ ተወላጁ ከአለቃ ገብረ ሐና ጋር የሚያያዘው የተክሌ አቋቋም ይታወቃል። አንድ ሕዝብ ከዓመቱ 40 ቀን ለአበባ ሰይሞ ሌሊቱን በዜማ ሲቆም፥ አበባ የለውም ማለት እንዴት ይቻላል?

የማኅሌቱ አተረጓጐም ለዝርዝሩም መንገድ መልስ አለው። በዚያ ድርሰት ጽጌ የሚለው ቃል የአንድ ተክል ስም አይደለም፤ አበባ ሁሉ ነው። ምሳሌነቱም አንድ ብቻ አይደለም። ከኢሳይያስ ትንቢት በመነሣት እመቤታችን በትር፥ ልጇ አበባ ይሆናሉ፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ እርሷ አበባ ስትሆን ልጇ ፍሬ ነው። መምህራን ይህን ሲተረጕሙ አንድም ይላሉ፤ አንዱ ፍች ሌላውን አይሽረውም። ዝርዝሩ አንድ አበባ፥ አንድ ፍች ሲል፥ የአገሩ ሊቅ አንድ አበባ፥ አንድም እንዲህ አንድም እንዲያ ይላል። ፍቹን የሚወስነው ነገር አበባው ከምን ጋር መቆሙ ነው፤ ከበትር ጋር ወይስ ከፍሬ ጋር?

አሁን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት እንግባ። በዚህ አገር ቤት ለበዓል የሚያጌጠው በመጀመሪያ ወለሉ ነው። ቄጤማ ወይም ለምለም ሣር ይጐዘጐዛል፤ ቡናም በጕዝጓዙ መካከል ይፈላል። በቀዳም ሥዑር ካህናት የሚያድሉት ቄጤማ በራስ ላይ ይታሰራል፥ የኖኅ ርግብ ያመጣችውን ለምለም ቅጠል እያሳሰበ የሰላም ምሥራች ይሆናል። የሆሣዕና ዘንባባ በጣትና በግንባር ይታሰራል። አደይ በደመራው ጫፍ ላይ ትታሰራለች። በጎረቤትም ብንመለከት ነገሩ ያው ነው፤ በምሥራቅ በኩል በላስታ ልጃገረዶች በፍልሰታ ማግሥት አሸንድዬ የተባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው ይታጠቃሉ፥ በዓሉም በሣሩ ስም ይጠራል፤ በዐባይ ማዶ በጎጃም ደግሞ ለዘመን መለወጫ እንግጫ ይነቅላሉ። እግር፥ እጅ፥ ራስ፥ ወገብ፤ ይህ ሁሉ የሰው አካል ነው። የአውሮፓ ቤት አበባን ከሰው ለይቶ በዕቃ ያቆመዋል፥ ሰውም ርቆ ያየዋል። እዚህ ግን ለምለሙ ነገር ይረገጣል፥ ይታሰራል፥ ይሰጣል፤ በማግሥቱም ይጠረጋል። ስለዚህ ዕቃ የሚፈልግ ተመራማሪ በሁለተኛው ቀን ቢመጣ ምንም አያገኝም።

የእንቁጣጣሽ ልማድ ይህን አሳብ ይፈጽመዋል። መስከረም 1 ቀን ሴቶች ልጆች አደይና ለምለም ሣር ይዘው በአበባየሆሽ ጭፈራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ የቤቱም ባለቤት ዳቦ ወይም ገንዘብ ይሰጣቸዋል። በከተማ ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ አበባ ሥለው ያበረክታሉ። ተቀባዩም ይህ እውነተኛ አበባ አይደለም ብሎ አይመልሰውም፤ በወረቀት የተሣለው በዚያ ቀን ሙሉ አበባ ነው። ትርጕሙ በተክሉ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልተቻለ ነበር። ትርጕሙን የሚሰጡት ቀኑ፥ የልጁ እጅና የባለቤቱ ምላሽ ናቸው።

ከዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣብናል። የወረቀት አበባ ከተፈቀደ፥ ዛሬ በብዙ የከተማ ቤት ሳሎን በማስቀመጫ ቆሞ የምናየው የፕላስቲክ አበባ ለምን ይነቀፋል? መልሳችን ይህ ነው። የወረቀቱ አበባ ተክል ባይሆንም ወራት አለው፤ ልጁ ለዚያ ቀን ሥሎታል፥ ቀኑም ሲያልፍ ያልፋል። የፕላስቲኩ ግን በመስከረምና በየካቲት አንድ ነው፤ ሰጪ የለውም፥ ምላሽም አይጠይቅም። የጐደለው ሕይወት ብቻ ሳይሆን ቀን ነው። በተቃራኒው ጃፓናውያን ኢኬባና የሚሉት የአበባ አደራደር ጥበብ አበባን በዕቃ ቢያቆምም ወቅቱን እንዲያሳይ ይጠነቀቃል። ስለዚህ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ ወራትን ከአበባ መለየት ነው። አንዲት የደብረ ታቦር እመቤት በመስከረም አደይን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ብታቆም ባህሏን አልሳተችም እንላለን።

የአበባ ንግድም በዚሁ ዐይን ሊታይ ይገባል። አገራችን ካለፉት ኻያ ዓመታት ወዲህ ቍርጥ ጽጌ ረዳ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትጠራለች። ይህ አበባ በዓመቱ ወራት ሁሉ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ቤት ለሩቅ ገበያ ይበቅላል፤ ከእርሱ ጋር የዝርዝሩ ትርጕምም ለሠርግና ለምረቃ ይገባል። ኢትዮጵያ በመጨረሻ የአበባ ባህል አገኘች የሚል ጸሓፊ ቢነሣ አያስደንቅም። ነገር ግን የአበባ ገበያና የአበባ ባህል አንድ አይደሉም።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አለመሆኑንም መናገር ይገባል። የደጋው የሣር መሬት እየታረሰና በባሕር ዛፍ እየተሸፈነ ሲሄድ የአደይ ስፍራ ይጠብባል። ልጆች አበባ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ለመሄድ ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆን አለበት፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት ይህ ቀላል ነገር እንኳ በብዙ ስፍራ ቀላል አልነበረም። አበባው በዕቃ የሚኖር ቢሆን ኖሮ ዕቃውን በሙዚየም ማስቀመጥ ይቻል ነበር። በመስጠትና በመቀበል የሚኖር አበባ ግን ሰጪና ተቀባይ ካልተገናኙ የሚጠበቅበት ሌላ ስፍራ የለውም።

ስለዚህ በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላው ስፍራ ይህን ጉዳይ የሚያጠኑ ተማሪዎች ይህ አበባ ምን ማለት ነው? ከሚለው ጥያቄ እንዳይጀምሩ እንመክራለን። ጥያቄው ዝርዝርን ይጠራል፤ ተጠያቂውም ለእንግዳው ደስ የሚለውን አንድ ቃል ሰጥቶ ያሰናብታል። ይልቁንስ በየትኛው ቀን ተቈረጠ፥ ማን ቈረጠው፥ ለማን ሰጠው፥ በሰውነት ወይም በቤት በየትኛው ስፍራ ዋለ፥ ምን ቃል ተነገረበት፥ በማግሥቱስ የት ደረሰ ብለው ይመዝግቡ። እነዚህ መልሶች ከተሰበሰቡ በኋላ ትርጕሙ ራሱ ይገለጣል፤ ምናልባትም አንድም፥ አንድም እየተባለ።